በጆሮ የሚጻፍ ቋንቋ

የዓይን ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውንም ብዙ አናቆየውም» ካለው በኋላ ሰውየው መጀመሪያ ያሰበው ስለ ውሃ ፓምፕ ነበር። ፓምፕ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ለመካኒኮች የሚሆነውን መመሪያ የሚጽፍ እሱ ነው። የትኛው ብሎን ቀድሞ ይፈታል፣ የጎማ ቀለበቱ በየት በኩል ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ መቼ ይጠፋል፣ ሁሉም ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ሌላ ሙያ የለውም። ይህንንም ቢሆን ማንም አላስተማረውም፤ ከመጋዘን ተሸካሚነት ተነስቶ፣ እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበበ የደረሰበት ወንበር ነው።

ዓይኑ ከዳር ወደ መሀል እየጨለመ ሲመጣ ቀድሞ ያጣው ፊደሉን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ቀስት ነው። ርዕስ ለማድመቅ፣ ማስጠንቀቂያ በሳጥን ለመክበብ ቀስቱን እያሳደዱ መዞር ግድ ነበር። ቀስቱ ደግሞ አንዴ ከተሰወረው እንደ ቁንጫ ነው፤ የት እንደሚዘል አይታወቅም። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ወንድሜ፣ የሚቀጥለውን መመሪያ ሰው ሳይመራህ ጽፈህ ካመጣህ ቦታህ ቦታህ ነው። ካልሆነ ግን እኔም ከበላዬ አለቃ አለብኝ» አለው።

ስለዚህ ለራሱ ቋንቋ ሊሠራ ተነሳ። ቋንቋ ሲባል ሰው የሚነጋገርበት ሳይሆን ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ነው። መጀመሪያ ነጥብ ይመታል፣ ቀጥሎ አጭር ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑ ያቺን ትእዛዝ ሲያገኝ በቦታዋ ረጅሙን ሥራ ይተካል፤ ሳጥኑን፣ ወፍራሙን ፊደል፣ «ከመክፈትህ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፋ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጭምር። ባለሙያዎች ማክሮ ይሉታል። የጻፈውን ደግሞ ኮምፒውተሩ በድምፅ መልሶ ያነብለታል። የቢሮ ጓደኞቹ ከማሽኑ «ነጥብ፣ ነጥብ» የሚል ድምፅ እየሰሙ ሲውሉ «ነጥቤ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ታዲያ ማክሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውን እሱም ተሳሳተ። ለጣት ይቀላል ብሎ ትእዛዞቹን ወደ አንድ አንድ ፊደል አሳጠራቸው። በዓይን ሲያዩት የተበጠረ ፀጉር ይመስላል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ስትሰፋ፣ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ አስነበበው።

«ነጥብ ር። ነጥብ ማ። ነጥብ ቁ። ነጥብ ቁ። ነጥብ ዝ።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «አንተዬ፣ ይሄ ሰውዬ ፊደል እየቆጠረ ነው ወይስ ብርድ መቶት ነው?»

«ቋንቋዬ ነው እንጂ!»

«በሞቴ! እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። ማስጠንቀቂያው የቱ ጋ ነው?»

ጨፈነ። ሰማ። ደግሞ ሰማ። አላገኘውም።

«አየህ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለዛሬው ዓይንህ ነው የሠራኸው። ለነገው አይደለም።»

ክው አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ሁሉን አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ትእዛዙ ሙሉ ቃል ሆነ፤ የተከፈተም ሁሉ በስሙ እንዲዘጋ አደረገ። «ነጥብ ማስጠንቀቂያ» ብሎ የጀመረ «ነጥብ ማስጠንቀቂያ አለቀ» ሳይል አይወጣም። ይረዝማል፣ ግን ጆሮ መንገድ አይስትበትም። ከሥራ መልስ ዓይኑን በሻርፕ አስሮ ይለማመዳል። ሚስቱ «ድብብቆሽ ነው?» እያለች ትስቃለች፤ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ይቋረጣል። ሥራው ሲያልቅ ሻርፑ አላስፈለገውም።

የትንሹን ፓምፕ የጎማ ቀለበት አለዋወጥ ማንም ሳይመራው ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም በቁጥራቸው እየጠራ አስገባ። ሥዕሎቹን የምትሠራው ወጣት ወረቀቱን ከማተሚያው አንስታ ለአለቃው ሰጠች። አለቃው ጮክ ብሎ አነበበ፤ ርዕሱ በቦታው፣ ማስጠንቀቂያው በሳጥኑ፣ ደረጃዎቹ በተራ በተራቸው። «አቤት ጥራት!» አለ። ገጹን ገለጠ። ከዚያ ንባቡን አቋርጦ ወረቀቱን ለልጅቷ አሳያት።

«ምን አገኘህ?» አለ ነጥቤ።

የመለሰችው ልጅቷ ናት። «ጋሼ፣ ሥዕሉ... የትልቁ ፓምፕ ነው። በቁጥር ነው የጠራኸው፤ አንድ ቁጥር ስተሃል።»

በትልቁ ፓምፕ ብሎኑ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ማሽኑ ቁጥሩን በትክክል አንብቦለት ነበር፤ ቁጥር ግን ምን እንደያዘ አይናገርም። መካኒክ ደግሞ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕል ያምናል። ብሎኑን እያጠበቀ የፈታ መስሎት ጉልበቱን ሲጨምርበት፣ ብሎኑ ተበጥሶ የሰው ፊት ላይ ሲፈናጠር ታየው።

«እኔም ባንተ ቦታ ብሆን አላሳልፈውም» አለ ነጥቤ፣ አለቃውን ቀድሞ።

አለቃው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ እያፈረ፣ «ቋንቋውን ግን... ለቀሩት የቢሮው ልጆች ትተህልን ትሄዳለህ?» አለው።

ነጥቤ፣ «እንዲህ ክፍቱን አልተውላችሁም» አለና ከልጅቷ ጋር ተቀመጠ። ሥዕል በቁጥር መጥራት ቀረ። እያንዳንዱ ሥዕል ስም ወጣለት፤ በላዩ የሚታየውም በቃል ተጻፈለት። ስምና ቃል የሌለውን ሥዕል ማሽኑ አልቀበልም ይላል። ልጅቷ እያየች ትናገራለች፣ እሱ እየሰማ ይጽፋል። አንዳንዴ «ቀስ በይ፣ ልጄ» ይላታል፤ እሷም አፍንጫዋን እየጠራረገች ደግማ ትነግረዋለች። በመጨረሻ ድምፁ የትንሹን ፓምፕ ሥዕል ከነብሎኑ፣ ከነአዟዟሩ ተረከ።

ሚስቱ በፋብሪካው በር ላይ ትጠብቀው ነበር። «እንዴት ሆነ?»

«ቋንቋው እዚያው ቀረ፤ እኔ ወጣሁ።»

ትከሻዋን ሰጠችው፤ ያዘው፤ የመኪኖቹ ጩኸት እስኪያልፍ ጠብቀው መንገዱን ተሻገሩ። በየቀኑ ከፋብሪካው ሲወጣ «ተመስገን» የማለት ልማድ ነበረው። ያን ቀን ከአፉ አልወጣ አለው። ቃሉን እሷ ስለ ሁለቱም አለችው።