አቶ ሀብቴ ያላሉት ቃል

የኮልፌው ጆንያ ጠጋኝ አቶ ሀብቴ በግንቦት የመጨረሻ ማክሰኞ የሱቃቸውን ሳንቃ ሳያነሡ ቀሩ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያነሡት ነበር። ወደ ሥራ ስወጣ ሳንቃው እንደ ተዘጋ ስላየሁ አንኳኳሁ። መልስ ሳጣ ከፊት ለፊታችን ያለውን የእህል መደብር ባለቤት፣ የእድራችንን ዳኛ አቶ ይርጋን ጠርቼ በሩን አብረን ከፈትነው። አቶ ሀብቴ በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ዐርፈዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ ታጥበው ተደፍተው ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። እኔ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ሰባት ዓመት የኖርሁ፣ አውቶቡስ ላይ ቲኬት የምቆርጥ ጎረቤታቸው ነኝ። ለቀብራቸው ብዙ ሰው ወጥቷል፤ ከሥጋ ዘመድ ግን አንድም አልነበረም። በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «በሬውስ አልመጣም?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ ሳቁን በነጠላው ሲሸፍን ሰማሁ። በሰፈራችን «የሀብቴ በሬ» የሚባለውን ያልሰማ የለም። የዚያን በሬ እውነት የምናውቀው ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። በዚያ ቀን አንድ ብቻዬን ቀረሁ።

አቶ ሀብቴ አሮጌ ጆንያ ይገዛሉ፤ ያራግፋሉ፤ ያጥባሉ፤ የተቀደደውን በሲባጎ ሰፍተው ለእህል ነጋዴዎች ይሸጣሉ። ቆሻሻ ለቃሚዎች ከቆሼ የሚያመጡላቸውን እንኳ አይመልሱም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጥበው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። አፍንጫቸውን ወደ ጆንያው አፍ አስጠግተው «ይህ ባቄላ የያዘ ነው፤ ዝናብም መትቶታል» ይላሉ። ሲሳሳቱ አላየሁም። እርሳቸው የሰፉት ጆንያ ሲቀደድ በሌላ በኩል እንጂ በስፌቱ በኩል አይቀደድም።

ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንበር ነበረ። በአንደኛው ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው ላይ የሲባጎ ጥቅል ይኖራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ስገባ ሲባጎውን ያነሡልኛል። በመስቀል ሰሞን የሰፈራችን ሰው ግማሹ ወደ ጉራጌ አገሩ ሲሄድና መንገዱ ጭር ሲል፣ እርሳቸው ሳንቃቸውን አንሥተው፣ ደንበኛ በሌለበት ይሰፋሉ። ለምን አገራቸው እንደማይሄዱ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«የምሄድበት ቤት የለኝም» አሉኝ። ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው ጨመሩ፦ «የምልክበት ቤት ግን አለኝ።»

ያ ቤት ቱሉ ቦሎ አጠገብ ያለ የገበሬ ቤት ነው። አቶ ሀብቴ በወጣትነታቸው ከአገራቸው ወደ አዲስ አበባ በእግር ሲመጡ ወባ መንገድ ላይ ጣላቸው። አንዲት የገበሬ ሚስት አይታ ወደ ቤቷ አስገባቻቸው፤ ክረምቱን ሙሉ አስታመመቻቸው። ተሽሏቸው ሲነሡ አንድ ጠገራ ብር አስጨበጠቻቸው። በዚያ ብር መርካቶ ደርሰው የመጀመሪያውን የጆንያ መርፌና አንድ ጥቅል ሲባጎ ገዙ። «ስትሰጠኝ ምን ልትገዛበት ነው አላለችኝም» ይሉ ነበር። «ብትጠይቀኝም የምመልስላት አልነበረኝም። እዚህ ስደርስ ነው ያወቅሁት።»

ሴትየዋ ከሞተች በኋላ በቤቱ የቀሩት ልጇ ቶሎሳና ሚስቱ ጫልቱ ናቸው። የሚያርሱት መሬት የራሳቸው አይደለም፤ ጢሰኞች ናቸው። ሐምሌ ሲገባ ጎተራቸው ያልቃል። ከባለመሬቱ እህል ይበደራሉ፤ በመኸር እጥፉን ይመልሳሉ፤ በመጪው ዓመት ጎተራው ከቀድሞው ፈጥኖ ያልቃል። አቶ ሀብቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ በየዓመቱ በሰኔ መባቻ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋው፣ ገንዘብ ይልኩላቸው ጀመር። ስንት እንደ ነበረ አልጽፍም፤ እርሳቸውም እንዲነገር አይወዱም ነበር።

አላላካቸው የራሳቸው ነበር። የጃንሆይ መልክ ወደ ውስጥ እንዲሆን ብሩን ያጥፉና፣ እኔ ከጻፍሁት ደብዳቤ ጋር በአንድ ባዶ ጆንያ ጠርዝ ውስጥ አስገብተው በቀይ ክር ይሰፉታል። ክሩ ከተነካ ቶሎሳ ያውቃል። ከዚያ ጆንያውን በትከሻቸው ይዘው ከኮልፌ ወደ ዘነበወርቅ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ በጅማ መንገድ ለሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ይሰጡታል። ባዶ ጆንያ ማን ይሰርቃል?

አቶ ይርጋ ነገሩን አይወዱትም ነበር። ጆንያ ሊመርጡ በመጡ ቁጥር ያነሡባቸዋል።

«ጆንያ ሞልቶልሃል፤ እኔ እህሉን በቅናሽ ልሙላልህና እሱን ላክላቸው። ብር ለገበሬ ምን ያደርግለታል? ጠላ ቤት ነው የሚጨርሰው።»

«አንተ ትናንት ገንዘብ ገብቶልሃል። ጠላ ቤት ሄድክ?»

«እኔማ ነጋዴ ነኝ።»

«እሱም ገበሬ ነው። ሁለታችሁም ሥራ አላችሁ።»

«ራስህ ሽሮህን በውሃ እያቀጠንክ!»

«ቀጭን ሽሮ ነው የሚስማማኝ» አሉ አቶ ሀብቴ። ትንሽ ከሰፉ በኋላ ግን «እህል ብልክለት የኔን ምርጫ ነው የሚበላው» አሉ፤ ለአቶ ይርጋ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀኝም።

ደብዳቤውን መጻፍ የጀመርሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚያስጽፉኝ በየዓመቱ ያው ነበር፦ «ገንዘቡ የእናንተ ነው። የምታውቁትን አድርጉበት።» እኔ ብዕሬን ይዤ እጠብቃለሁ።

«ሌላስ?» እላለሁ።

«ሌላ ምን አለ?»

በመጀመሪያው ዓመት መልሱን ለቶሎሳ የጻፈለት በዚያ ያለ አንድ አስተማሪ ነበር። «በዚህ ክረምት ከባለመሬቱ እህል አልተበደርንም» ይላል። «ስለዚህ በጥር ጤፋችንን በርካሽ አልሸጥንም። ልጃችን ለሊሴም ትምህርት ቤት ገባች።» አቶ ሀብቴ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከሦስተኛው በኋላ መርፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰክተው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የመጣው መልስ ጫልቱ ለራሷ ጥላ እንደ ገዛች ይናገራል። እኔ ተናደድሁ።

«ጋሼ፣ ጥላ? አንድ በሬ ይዞ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ የሚያርስ ሰው ቤት ጥላ ይገዛል?»

አቶ ሀብቴ ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። «ጥላ ካማራት ስንት ዓመት ሆኗት ይሆን?» አሉኝ።

ጥላው ከሐሳቤ አልወጣም። በሦስተኛው ዓመት ደብዳቤውን ስጽፍ «ገንዘቡ የእናንተ ነው» ከሚለው ቀጥዬ «በሬ ግዙበት» ብዬ ጻፍሁ። «የምታውቁትን አድርጉበት» የሚለውን ተውሁት። ሳነብላቸው ግን እርሳቸው እንዳስጻፉኝ አድርጌ አነበብሁላቸው። ወረቀቱ ወደ ጆንያው ጠርዝ ሲገባ፣ ቀዩ ክር ሲሰፋበት፣ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት ቶሎሳ ራሱ መጣ። በእጁ በቅል ቅቤ ይዟል። እኔ ከሥራ ተመልሼ በራፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ አቶ ይርጋም ጆንያ ይመርጡ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ቶሎሳ» አሉት አቶ ሀብቴ፤ በዚያ ክረምት ከእናቱ የለመዱት ኦሮምኛ ነው። ሲባጎውን አንሥተው በሁለተኛው ወንበር አስቀመጡት። የጫልቱን ጤና ጠየቁት።

«ደኅና ናት። ክረምቱን ያበላችን እሷ ናት» አለ ቶሎሳ። «በዝናብ ገበያ የሚወጣ ሰው የለማ። እሷ ጥላዋን ይዛ ትወጣለች፤ ቅቤውንም እንቁላሉንም በጠራችው ዋጋ ትሸጣለች።» ቀጥሎም «በሬውንም ገዝተናል አባባ። መልኩ ቡሬ ነው። ጥሩ በሬ ነው» አለ።

«የቱን በሬ?»

«ግዙ ያሉንን።»

የአቶ ሀብቴ መርፌ ቆመ። ቶሎሳ ቀስ እያለ ነገራቸው። ባለመሬቱ በዚያ ዓመት የመሬቱን ውል ለማደስ እጅ መንሻ ጠይቆ ነበር፤ ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ የሚፈልግ ሌላ ሰውም መጥቶበታል። ቶሎሳና ጫልቱ ገንዘቡ ሲመጣ ለዚያ ሊያውሉት ተስማምተው ነበር።

«ደብዳቤው ሲነበብልን ጫልቱ ‹ገንዘቡ የሳቸው ነው፤ ያሉትን እናድርግ› አለች። በሬውን ገዛን። መሬቱን ለሌላው ሰጠው። አሁን ሁለት በሬ አለን፤ መሬት የለንም።»

በድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረበትም። የባሰብኝም ይኸው ነው።

«ሰማህ ሀብቴ?» አሉ አቶ ይርጋ ቀና ብለው። «እህል ብትልክላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

አቶ ሀብቴ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። ረጅም አልነበረም። ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረው «ልክ ነህ፤ ብያለሁ» አሉት። «የማላውቀውን ነው የተናገርኩት። ይቅር በለኝ።» ቶሎሳ ደንግጦ ተነሣ፤ ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠይቀው መቀመጥ አልቻለም። እኔ አፌን አልከፈትሁም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ገባሁና ቆምሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ . . .»

«አውቃለሁ። ሌላስ የጨመርከው አለ?»

«የለም።»

«የኔ ቃል ጥቂት ነው» አሉ። «ጥቂት ስለ ሆነ አትዘንለት።» ከዚያ ሲባጎውን ከወንበሩ ላይ አነሡልኝና «ወረቀት አምጣ» አሉኝ። በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ላኩ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል አቶ ሀብቴ ጆንያ ደርበው ይታዩ ነበር። ካፖርታቸው የት እንደ ገባ አልጠየቅሁም።

ቶሎሳ በሁለቱ በሬዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ያለውን የአንዲት ባልቴት መሬት ምርቱን እኩል እየተካፈለ እያረሰ ኑሮውን እንደ ገና ጀመረ። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ወንዙ ዳር እንደ ነበረው አይሆንም። በሚቀጥሉት ዓመታት ገንዘቡ አንድ ጊዜ ፍየል፣ አንድ ጊዜ የቤት ክዳን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የለሊሴ ደብተርና ጫማ ሆኗል። ከአምናው ጀምሮ መልሱን የምትጽፈው ራሷ ለሊሴ ናት። ፊደሏ ከኔ ይበልጥ ያምራል።

በሰፈራችን ግን በሬው ብቻ ቀረ። በእድሩ ስብሰባ ለተቸገረ ሰው ብር እንስጥ የሚል ከተነሣ አቶ ይርጋ «የሀብቴ በሬ እንዳይሆን» ይላሉ፤ ቤቱ ይስቃል፤ አቶ ሀብቴም ትከሻቸው ይነቀነቃል። አንድ ጊዜ እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። ኮቴን ከኋላ ይዘው አስቀመጡኝ።

«የኔ ስም አሮጌ ጆንያ ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «አንድ እራፊ ቢጨመርበት አይታወቅበትም። ያንተ ገና አዲስ ነው።»

እኔም ተቀመጥሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጫለሁ።

ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያ የነገርሁት ለአቶ ይርጋ ነው። ሱቁ ውስጥ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ የሳቅኩት ባንተ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልሁ። «እሱ ደግሞ አብሮኝ ይስቃል» አሉ። ይህ ጽሑፍ በሰኔው የእድር ስብሰባ እንዲነበብ ያሉት እርሳቸው ናቸው።

ጋሼ ሀብቴ፣ የዘንድሮውን ጆንያ አልጋዎ ሥር አገኘነው። ብሩ ገብቶበታል፤ ጠርዙ እስከ ግማሽ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ የቀረው ለደብዳቤው ክፍት ነው። እሑድን ይጠብቁ ነበር።

ዐርብ ዕለት ደግሞ ሾፌሩ የለሊሴን ደብዳቤ አመጣ። ሲባጎውን ከወንበሩ ላይ ራሴ አንሥቼ ተቀመጥሁና እንደ ልማዳችን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። «ክረምት ከገባ ደብዳቤ ስለማይደርስ አሁን ጻፍሁ። አባባ ሀብቴ፣ ለመስቀል እኛ ዘንድ ይምጡ። እናቴ ቤቱ የእርስዎም ነው ብላለች።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብሁልዎ። ከሦስተኛው በኋላ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

በጆንያው ጠርዝ ሁለት ወረቀት አስገብቻለሁ። አንዱ የኔ ነው፤ ማረፍዎን፣ በሬ ግዙበት ያልሁትም እኔ መሆኔን ይናገራል። ለሊሴ ለአባቷና ለእናቷ ታነብላቸዋለች፤ የሚሉኝን ልጠብቅ። ሁለተኛው የእርስዎ ነው፦ «ገንዘቡ የእናንተ ነው። የምታውቁትን አድርጉበት።» ቅዳሜ በትከሻዬ ይዤው ወደ ዘነበወርቅ እወርዳለሁ። ስፌቴ እንደ እርስዎ ቀጥ አላለም፤ ክሩ ግን ቀይ ነው፤ ቶሎሳ ያውቀዋል።

ደኅና ይሁኑ ጋሼ። የእርስዎ ወረቀት አብዛኛው ባዶ ነው። አላዘንሁለትም፤ እንዲሁ ሰፋሁት።