የእትዬ ዘነበች ቲቪ ጌም

ለሥራ ናይሮቢ ልሄድ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ፣ መካኒሳ አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች መጡ።

«የልጆቹ ቲቪ ጌም ተበላሽቷል። ልክ እንደሱ ያለ አሮጌውን አምጣልኝ፤ ካሴቶቹ በአዲሱ አይሠሩም» አሉኝ።

እሳቸውን ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ከእናቴ ጋር ሆነው ያሳደጉኝ ናቸው።

የነበረችኝ አንዲት የዕረፍት ቀን በዚህ አለቀች። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ «የሱማ ጊዜው አልፏል፣ አዲሱን ውሰድ» ይለኛል። እግሬ ካበጠ በኋላ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ተገኘ። ሰውዬው ግን መሥራቱን በእጅህ ሞክረህ ካላየህ አልሸጥልህም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ጌም ነክቼ አላውቅም! ከረባት እንዳሰርኩ አስቀመጠኝ። ገና ስጀምር እሞታለሁ፤ እሱ ደግሞ እንደገና ያስጀምረኛል። ከበው የሚያዩኝ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ሻንጣዬ አልዘጋ ሲለኝ የተቀዳደደ ካርቶኑን እዚያው ሆቴል ጣልኩና ዕቃውን በሸሚዜ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅኩ አመጣሁት።

እትዬ ዘነበች አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ ቡፌውን ከፍተው ከብርጭቆዎቹ መሃል አስቀመጡትና ቆለፉበት።

«እንዴ፣ ልጆቹ አይጫወቱበትም?»

«ከውጭ በመጣ ዕቃ?» አሉና ፊታቸው ቅጭም አለ። «ለመሆኑ ካርቶኑስ? ያለ ካርቶኑማ ከመርካቶ ነው የገዛችው አይሉኝም?»