ከጉማራ ማዶ ያልተነገራቸው

ዶክተር አድማሱ ባለፈው ሳምንት አረፉ። በላብራቶሪም በፎገራም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ያስተማሩኝ፣ ደግሞም ያበሳጩኝ ተማሪያቸው ነኝ።

እርሳቸው በሕክምና ፋኩልቲያችን የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ክረምቱ እንደገባ የረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። የወባ ጥናቴ ታትሟል፤ ምን ይጎድለኛል? ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ደማቸውን የሰጡሽ ሰዎች ውጤቱን ሰምተዋል?» አሉኝ።

አልሰሙም።

«እንግዲያው ወረታ ሂጂ። ነግረሻቸው ስትመለሺ እፈርማለሁ።»

ደሜ ፈላ። ዕድገቱ ዘንድሮ ካመለጠኝ ከምርምር ወጥቼ ሌላ ቦታ ልመደብ ነው! «እርስዎስ ለፕሮፌሰርነት ለምን አላመለከቱም?» አልኳቸው በንዴት።

«ከጉማራ ማዶ ያሉት የእኔን ጥናት መች ሰሙ! ወንዙ ሞልቶብኝ፣ እስኪጎድል እየጠበቅሁ ነው» አሉ ሳቅ ብለው። ከጠረጴዛው ሥር የራሳቸውን ቦቲ ጫማ አውጥተው «ጭቃውን አትችይውም» ብለው ሰጡኝ። ተቀብዬ ወጣሁ።

ወረታ ደርሼ በገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በኩል ስብሰባ አስጠራሁ። ጉድ ፈላ! ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መስሎት ጎረምሳው ሁሉ ሐይቅ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። የመጡት አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«ምነው ልጄ፣ ለሰንበቴ ብትመጪ ምን ነበረበት?» አሉኝ እየሳቁ።

እሑድ ሰንበቴው ተበልቶ ሲያበቃ፣ በዚያ ጀልባ በሚያህል ቦቲ ቆሜ ነገርኳቸው፦ ጎርፉ ሲሸሽ ደጃፋቸው የሚቀረው ኩሬ ትንኟን እንደሚያራባ፣ ማፋሰስ እንዳለባቸው። አያ ካሴ ተነሡ። «ደማችንን ይዘው በዚያው ይቀራሉ ብለን ነበር። እሰይ፣ ተመልሶ የሚነግረን አገኘን!» ብለው መረቁኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ስመለስ ዶክተር አድማሱ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ብዕር አስመጥተው ፈረሙልኝና «ማዶዎቹስ?» ብለው ጠየቁኝ። ወንዙ ገና ሙሉ ነበር።

ጋሼ አድማሱ፣ አሁን ጎድሏል። አያ ካሴ በደቦ ኩሬውን እያፋሰስን ነው ብለው መልእክት ልከውልኛል። እኔም የፊታችን እሑድ ጉማራን እሻገራለሁ፤ በጥናትዎ ያገኙትን ሁሉ በስምዎ እነግራቸዋለሁ። ቦቲዎንም አልመለስኩም፤ ለመንገዱ ይሆነኛል። እንግዲህ ከማዶ ሆኖ የሚጠብቅዎት የለምና በሰላም ይረፉ፣ ፕሮፌሰር።