ሁለተኛው ገምጋሚ

ተማሪዎቹ «ወንፊቱ» ይሉታል። ውሃን በአሸዋ ስለማጣራት ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ መምህር ነው። እሱ እጅ የገባ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይብጠለጠል አይወጣም ይባላል። ቅጽል ስሙን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን የሙያው መጽሔት አዘጋጅ ጥናት እንዲገመግም ላከለት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አዘጋጁ የጸሐፊውን ስም አጥፍቶ ጽሑፉን ለሁለት ባለሙያዎች ይልካል። ገምጋሚው የማንን ሥራ እንደሚያይ አያውቅም፣ ጸሐፊውም ማን እንዳየበት አያውቅም። ሁሉም በእምነት ነው።

ወንፊቱ ግን ማን እንደጻፈው ሳያውቅ እንቅልፍ ሊወስደው! መቼም የዚህ ሙያ ሰዎች አመል ነው፤ ጽሑፉን ትተው ከኋላ ካለው የዋቢዎች ዝርዝር ይጀምራሉ። ሰው ራሱን ደጋግሞ መጥቀስ ይወዳላ! ዝርዝሩን ቢያይ ሳቂታው፣ ሳቂታው፣ አሁንም ሳቂታው። የሙያው ሰው ሁሉ «ሳቂታው» የሚለው የድሮ ጓደኛው ነው፤ በአንድ ስብሰባ ላይ ጥርሱን እያሳየ «ወንድሜ፣ ይሄ አሸዋህ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ አዳራሹን ሙሉ አስቆበታል።

«ያዝኩህ!» አለ ወንፊቱ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገረፍ ገረፍ አደረገና ቂሙን ዘረገፈው። «ናሙናው ከየት እንደተቀዳ እንኳ አልተገለጸም። ጸሐፊው ሙያ ቢቀይር ለራሱም ለአንባቢም ይበጃል» ብሎ ላከ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከወር በኋላ ጎረቤት ቢሮ ያለችው ወጣት መምህርት ኮምፒውተሯን ታቅፋ ገባች። እሱው ራሱ ያስተማራት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልኝ። አንደኛው ገምጋሚ ወዶት ነበር። ሁለተኛው ነው ጉድ የሠራኝ። እስከ ዓርብ አዘጋጁን ካላሳመንኩ ጽሑፌ ይጣላል፤ እሱ ካልታተመ ደግሞ ውሌ አይታደስም። ሥራዬ ነው የሚሄደው።»

ግምገማውንና ጽሑፉን ጎን ለጎን ከፈተችለት። የራሱን ቃል አነበበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሳቂታውን… ይሄን ሁሉ ምን አስጠቀሰሽ?» አለ።

«ልሞግተው ነዋ! ‹የምትሞግቺውን ሰው አሟጠሽ አንብቢ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? አዳራሽ ውስጥ የሳቁብዎት ቀን እኮ እኔም ነበርኩ። ያን ቀን እንዴት እንደተናደድኩ! ይኸው፣ አሸዋው ያጣራል። እርስዎ ነዎት ልክ የነበሩት።»

ገጹን ወደ ታች ሳበችለት። ናሙናው ከየትኛው ጉድጓድ፣ በምን ዕቃ እንደተቀዳ አንድም ሳይቀር ተጽፏል። እሱ ካቆመበት ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ።

«እስቲ ምን ልበለው? ብሰድበው ደስ ባለኝ!»

«ገጹን ጥቀሺለት፣ በቃ። አላነበበውም።»

«ኧረ ጋሼ! ሳያነብማ እንዴት ይጽፋል? እንደ እርስዎ ጠንቃቃ ባይሆን እንኳ ማንበቡን ያነባል።»

ይቺ ናት አንጀቱን የቆረጠችው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ስሙ ተሸፍኗል፣ አዘጋጁም አይናገርም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁለተኛው ገምጋሚ። የሳቂታው ሥራ መስሎኝ ነው።»

አልጮኸችም። ምነው በጮኸች! ኮምፒውተሯን ዘጋች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ወጣች።

ወንፊቱ እዚያው እንደተቀመጠ ለአዘጋጁ ጻፈ። «ግምገማዬ ይሰረዝልኝ። ሰውየውን አውቄዋለሁ ብዬ ነው፤ ጽሑፉን አንብቤ አልጨረስኩም» አለ። አንዲት ቃል ሳያለሳልስ። አዘጋጁ ለሌላ ሰው ሰጠው፣ ጽሑፉ ታተመ፣ ውሏም ታደሰ። ለወንፊቱ ግን ከዚያ ወዲህ ይህን ገምግም ብሎ የላከለት የለም። እሰይ፣ ይበለው!

ዛሬም ጎረቤት ናቸው። ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ሰላምታዋን አትነፍገውም፤ ክፉ ቃልም ወጥቷት አያውቅም። «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር?» ትለዋለች፣ ታልፋለች። እሱ ግን በሯ በተከፈተ ቁጥር «ጋሼ» ልትለው የመጣች እየመሰለው ከወረቀቱ ቀና ይላል።