የማማ ንጁጉ ደብተሮች

በሐይቅ ዳር ባለችው በሆማ ቤይ ከተማ፣ ከሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጠው አፖንዲ እውነተኛ ስሟ ከተረሳ ቆይቷል። ልጆቹ «ማማ ንጁጉ» ነው የሚሏት፤ የኦቾሎኒዋ እማማ እንደማለት። ዓመቱ ሲዘጋ «እፎይ፣ ተገላገልን» እያሉ የፊዚክሱንም የታሪኩንም ደብተር ለመጠቅለያ ይሰጧታል፤ በምትኩ አንድ ጥቅልል ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በመጨረሻው ዓመት ያንኑ ደብተር እንደሚፈልጉት ማን ነግሯቸው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አፖንዲ ደግሞ ሳታነብ የምትጠቀልል ሴት አይደለችም። አባቷ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ሲሞት እሷ ከሁለተኛ ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። የቀረባትን ፊዚክስ ያገኘችው ከመጠቅለያው ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስታነብ አንድ ነገር ገባት፤ የአራተኛው ዓመት ፊዚክስ ልጆቹ እንደሚፈሩት ባዕድ አይደለም፣ ኮት ለብሶ የመጣ የድሮ ጎረቤት ነው። መንሳፈፍና መስጠም የሚለው ምዕራፍ የአንደኛ ዓመቱን እፍጋትና ግፊት ይዞ ነው የሚመጣው። ሌንሱ ያለ ብርሃን ስብረት አንድ እርምጃ አይራመድም። ሽቦና ማግኔት መብራት ያመነጫሉ የሚለውም ገጽ ሥሩ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። እነዚህን ገጾች እየለየች በሦስት ጆንያ አስቀመጠች። ለመጠቅለያማ ጂኦግራፊ ምን አነሰው?

ዘንድሮ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ቆርጣ ተነሳች። የመጨረሻውን ክፍል ገብታ፣ ፈተናውን ወስዳ፣ ነርስነት መማር ነው ምኞቷ። ርዕሰ መምህርቷ አልጠሉም፤ ግን የፊዚክሱ መምህር ኦጉቱ ፈትኖ ይፈርም አሉ። ካልፈረመ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። አራት ዓመት ሥራ ፈትታ ልትቀመጥ? ያ ለእሷ «አትማሪም» ከማለት አይለይም።

ቲቸር ኦጉቱ ደግ ሰው ነው፤ ኩራቱ ግን ለብቻው ወንበር ያስፈልገዋል።

«ማማ፣ ፊዚክስ እኮ እንደ ኦቾሎኒ አይቆላም» አላት ወረቀቱን እየሰጣት።

«እሱም ካላገላበጡት ያራል፣ ቲቸር» አለችና ተቀመጠች።

ጥያቄው የጀልባ ነው። ክብደቷ ስምንት መቶ ኪሎ የሆነ ጀልባ አራት ሜትር ኩብ ያህሏ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ ሰማንያ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝኑ ስንት ሰዎች ትችላለች? አፖንዲ ደስ አላት። ከጆንያው መርጣ በቦርሳዋ የያዘችውን ገጽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት መቶ ኪሎ። አባዛች፣ ቀነሰች። ጀልባዋ አንድ ሰው ሳይሳፈርባት ባዶዋን ሰጠመች።

እንደገና ሠራችው። እንደገና ሰጠመች። አባቷ በእንዲህ ያለች ጀልባ በገበያ ቀን አርባ ሰው ከነፍየሉ ያሻግር ነበር። አባቷ ይዋሻል ወይስ ደብተሩ? ዓይኗን ጨፍና ማለዳ ማለዳ ከሐይቁ የምታመላልሰውን ውሃ አሰበች። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ይህንን ማንም አያስተምራትም፣ አንገቷ ያውቀዋል። ወርዱም፣ ቁመቱም፣ ጥልቀቱም ሜትር የሆነ ሳጥን ደግሞ ሃምሳ ጀሪካን ይውጣል። ስለዚህ ሺህ ኪሎ።

«አርባ ሰው» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ፣ «ደብተሩ መቶ ይላል። ተሳስቷል። ጀሪካን ተሸክሜ አውቀዋለሁ» ብላ ጨመረችበት።

ኦጉቱ አነበበና ሳቀ። «የየትኛዋ ሰነፍ ደብተር ነው ይሄ?»

አፖንዲ ከቦርሳዋ ገጹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መቶ ከሚለው ቁጥር ጎን በቀይ ቀለም ትልቅ የ«ትክክል» ምልክት አለ። ከምልክቱ ሥር ፊርማ አለ። ፊርማው የኦጉቱ ነው፤ ማስተማር በጀመረበት ዓመት የፈረመው።

አፖንዲ በሆዷ «አለቀልኝ፤ ምን አስወጣኝ ገጹን» አለች። ሰውየው በልጅ ፊት እንኳ ተሳስቼ አላውቅም የሚል ነው።

«ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ኦጉቱ። «ክፍሉ በሙሉ ይሄንን ነው የገለበጠው። እኔም ማረም ሰልችቶኝ ምልክት ብቻ አደርግ ነበር።» ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ መጣበት። «አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ጀልባ አስጥሜ ኖሯል?»

«እኔ እንጃ፣ ቲቸር። ልጆቹ ግን ደህና ናቸው፤ ኦቾሎኒ ይገዙኛል።»

ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና አሮጌው ገጽ ላይ አንዲት ዜሮ ጨመረ። በዚያው እስክሪብቶ የእሷን ፎርም ፈረመ።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ክፍል ነው። ደብተር ይዘሽ ነይ።»

«የትኛውን?»

«የኔ ፊርማ ያለበትን ሁሉ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከልጆቹ በፊት እኔ ልያቸው።»

ሰኞ ጠዋት አፖንዲ በሰማያዊ የተማሪ ሹራብ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ሦስቱን ጆንያ ከበሩ እስከ ክፍሉ ተሸክሞ ያስገባላት ቲቸር ኦጉቱ ነው።