ፀሐይ የታዘዘላት ልጄና አማቷ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ልጄ ስመኝ ግቢዬ ውስጥ ክንዷንና እግሯን ገልጣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የባሏ እናት እትዬ የሽ ናቸው። ከቆሰበር ዳንግላ ድረስ በሚኒባስ መጥተዋል... ያውም ሳይጠሩ!

ልጄ የሴት በሽታ አለባት። ሐኪሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል አለን። የወር አበባ ያዛባል፣ ያወፍራል፣ እርግዝናም ያዘገያል። ይህ አባት የሚሰማው ወሬ አልነበረም። እናቷ በሕይወት ስለሌለች እኔው ይዣት ገባሁ። ደሟ ሲመረመር ደግሞ ቫይታሚን ዲ አንሷታል ተባለ። ክኒን ሰጧትና ፀሐይ ሙቂ አሏት። እኔ ሳቄ መጣ። ሰው ያን ሁሉ ዘመን ተምሮ ፀሐይ ያዛል?! የቆሰበር ደመና አላስሞቅ ሲላት እኔ ዘንድ መጣች።

እትዬ የሽ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ምች ይምታት ብለው ነው አያ ውበቱ? እንዲህ ተጎልታ እየዋለች እኮ ነው የምትወፍረው!»

«ሐኪም ነው ያዘዘላት» አልኩ።

«እና ያከሳታል?»

«አያከሳትም። ያከሳል ያለም የለም። ክኒኑም ፀሐዩም የጎደላትን ሊሞላ ነው፣ ለአጥንቷ። ለውፍረቱ ምግቧን ታስተካክል፣ በእግሯ ትሂድ ነው የተባለው። በሽታው ነው የሚያወፍራት፣ ሆዳም ሆና አይደለም!»

ስመኝ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። በዚሁ ሐኪም ስሳለቅ ሰምታኛለችና። ቢሆንስ! በእሱ መሳቅ ለእኔ እንጂ ለእሳቸው ማን ፈቀደላቸው?

እትዬ የሽ የመጡበትን አወጡት።

«ካላከሳት፣ ካላስወለዳት ምን ሊረባ? እንግዲህ እርስዎ ዘንድ ትቅር። ልጄ ልጅ ይፈልጋል... ሌላ ያገባል።»

የስመኝ ሳቅ ጠፋ። ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ግን ቀደመችኝ።

«እማማ... በዚህ በሽታ ብዙ ሴት ታክማ ትወልዳለች ብሎኛል ሐኪሙ። ባልሽም ይመርመር ብሏል። ልጅዎ እሺ ብሎ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሊገባ ነው።»

«ማን? የእኔ ልጅ? ምን ሆኖ!»

«እትዬ የሽ» አልኩ፣ «ድንች አልበቀለም ተብሎ መሬት ብቻ አይሰደብም። ዘሩም ይታያል።»

ያኔ ገና ተቀመጡ። ውሃ ለመኑ። ጠጥተው ሲያበቁ ድምፃቸው እንደ ሰው ድምፅ ሆነ።

«እስቲ... ለአሁኑ ከባሏ ጋር ትሁን። ውጤቱ ይታያል። የልጄን መመርመር ግን አደራ፣ ለሰው እንዳያወሩ!» ብለው ወደ መናኸሪያ ገሰገሱ።

ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ስመኝን ጠየቅኋት፤ «ይጻፉት አባባ፣ እንደኔ ያለች ታንብበው» አለችኝ። እኔም አደራ አልበላሁም፣ ለማንም አላወራሁም... እንዳይጽፉ ግን አላሉኝም።