ከጀራዲያ የሚመራው ዩኒቨርሲቲ

ወንድሜን ያሳደገችው እናታችን ናት፤ ፖለቲካ ያስተማረው ግን እዚህ ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ የሚያቅራራ ሰውዬ ነው። ያገናኘኋቸው ደግሞ እኔው ነኝ። መላዝ ሰፈር በምሠራበት ቤት ሰሃን ሳጥብ በስልኬ የሰውዬውን ላይቭ እሰማ ነበር። አነጋገሩ ቁርጥ የአገሬ ሰው ነው። ናፍቆት ይዞኝ፣ «ስማው፣ የኛ አገር ልጅ ነው» ብዬ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ለሚማረው ወንድሜ ላክሁለት። ስደተኛ እንዲህ ነው፤ አነጋገሩ ደስ ካለው ምን እንደተባለ አያዳምጥም።

ሰውዬው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ «ክላስ የገባ ባንዳ ነው!» ወንድሜም መግባት ተወ። ስደውልለት እንደ ሰውዬው ጎርነን፣ ቆም እያለ ይመልስልኛል። መምህሮቹና የዶርም ጓደኞቹ ምን እንደሚሉ ስጠይቀው፣ «እነሱ ገና አልነቁም» ይለኛል። እሱ መንቃቱ ነው! እስከ ቀትር የሚተኛ ልጅ። የመጨረሻ ፈተናው ሊጀመር አራት ቀን ቀርቶታል፤ ካልተፈተነ ይባረራል።

ጁምዓ ዕለት አሠሪዬን፣ ማዳሜን፣ አስፈቅጄ ጀራዲያ ሄድኩ። ክፍሉን ያሳየችኝ እዚያው ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ሰውዬው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ሹርጣ እንዳይዘው ፖሊስ ፈርቶ ዳቦ እንኳ የሚያስገዛው በሰው ነው። ስድስት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል የሱ ጥግ ብቻ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፤ ላይቭ ላይ ቢሮ የሚመስለው እሱ ነው። ከወገቡ በላይ ኮትና ክራባት፣ ከወገቡ በታች ሽርጥ። ከልቤ ናቅሁት።

«ወንድሜ፣» አልኩት ሰውዬውን፣ «አንተ ሱቅ መውጣት ፈርተህ የሰው ልጅ አደባባይ ትሰዳለህ? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው?»

«እህቴ፣ ትግል እኮ መስዋዕትነት...»

«ኸላስ፣ በቃ! የምን መስዋዕትነት? አሁን ደውልና ወንድሜን ተፈተን በለው።»

ክፉ ሰው ቢሆን እምቢ ይለኝ ነበር። ፈሪ ነውና ወንድሜ ጋ ደውዬ፣ ድምፁን ከፍቼ የዘረጋሁለትን ስልኬን ተቀበለ።

«ወንድም ዓለም፣» አለ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ሰልሎ፣ «አንተ እንኳ ግባና ተፈተን። ትግሉ ይደርሳል።»

 ወንድሜ ሳቀ።

«አንተንም ገዙህ?» ብሎ ዘጋበት።

ሰውዬው ክራባቱን እየፈታ፣ «እንዲህ ናቸው፤ አንዴ ከጀመሩ እኔንም አይሰሙኝም» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት እንደሚያወራ። እንደዚያ ቀን ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም።

በማግስቱ ወንድሜ ራሱ ላይቭ ገባ። ትናንት ያመንነው ሰው ዛሬ ተሸጧል አለ፤ የደወለው በእህቴ ስልክ ነው፣ ከሃዲዋ እህቴ ናት አለ። አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የልብ ምልክት እያዘነቡ፣ «ጀግና!» እያሉ ጻፉለት። ማዳሜ ከሳሎን ትጠራኛለች፤ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ስሰደብ አዳምጣለሁ። ፈተናው በተጀመረበት ጠዋትም ስልኬን ስከፍት ወንድሜ ላይቭ ላይ ነበር።